"አይዞህ" ማለትን የተውኩበት ሥራ

ሕመምተኛችን ጋሽ በየነን ያስታመምንበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም። የጎፋ መንገድ ተቆፍሮ ታክሲው ሁሉ በውስጥ ለውስጥ ይዞር የነበረበት ክረምት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ፣ ሲስተር፣ ጥቁር ጫማዋን በፌስታል ይዛ ጭቃውን በኮንጎ ጫማ ታልፍና ጋሽ በየነ ደጃፍ ስንደርስ ትቀይር ነበር። "የተኛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እግርህን ነው፤ በጭቃ እግር ገብተህ እንደምን ዋሉ አትበለው" ትለኛለች። የትኛው ክረምት እንደነበረ ልጆቼን ብጠይቃቸው ወንዱ አንድ ይላል፣ ሴቷ ሌላ ትላለች። እኔም ተውኩት።

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ኬክ ቆረሰልኝ፣ ጋቢ አለበሰኝ፣ ሥራ አስኪያጁም ጥሩ ንግግር አደረጉ። ከአዲሶቹ ልጆች አንዷ፣ ሥራውን ትምህርት ቤት ገብታ የተማረች፣ ጠጋ ብላ "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ከሚሞት ሰው ጋር ሲውሉ አልፈሩም?" አለችኝ። ኬኩ አፌ ውስጥ ስለነበረ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁላት። አዎ ማለቴ ይሁን አይደለም ማለቴ ለራሴም አልገባኝም። አሁን ቤት ነው የምውለው፤ ጊዜ አለኝ። ቀስ ብዬ ልመልስላት።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ሥራ የጀመርኩት በአንድ ሆስፒታል በጥበቃ ነው። በኋላ ጉልበቴን አይተው ወደ ውስጥ አስገቡኝና ቃሬዛ ገፊ ሆንኩ። ከዋርድ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ዋርድ፣ አንዳንዴም ከጓሮ ወዳለው ሬሳ ቤት። አለቃችን "ሰባት ቁጥርን አምጣው፣ አሥራ ሁለትን መልሰው" ነበር የሚሉን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰው ሲበዛ ቁጥር ይቀላል። እኔም ፊት አላይም ነበር። የማየው የቃሬዛውን ጎማ ነው፤ አንደኛው ጎማ ሁልጊዜ ይጣመም ነበር።

ከዚያ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጽኑ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እቤታቸው እየሄደ የሚረዳ ሠራተኛ ፈለገ። ሥራው ላፍቶ፣ ጎፋ፣ መካኒሳ፣ እዚሁ አካባቢ ነው። ነርስ ነበራቸው፤ የጎደላቸው ጉልበት ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ሰው የሐኪም ቀጠሮ ሲኖረው በወንበር ተይዞ ነው የሚወርደው። ደሞዙ ከሆስፒታሉ ብዙም አይሻልም፤ የአዳር ተራ ስለሌለው ገባሁ።

ነርሷን ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። አጠር ያለች፣ ድምጿ ወፈር ያለ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ። በመጀመሪያው ቀን "እርስዎ" ብላት "አንቱታህን ለሕመምተኛው አስቀምጥለት፤ እኔ እግር አለኝ፣ ቆሜ እሄዳለሁ" አለችኝ። ያን ዕለት ላፍቶ አንዲት እናት ቤት ገባን። እኔ እንደለመድኩት እግርጌ ቆምኩ። ሲስተር በርጩማ ፈልጋ ከትራሱ አጠገብ፣ ከሴትየዋ ዓይን ዝቅ ብላ ተቀመጠችና "በምን ስም ልጥራዎት?" አለች። ስማቸው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ። ሴትየዋ ግን ትንሽ አሰቡና የልጅነት ስማቸውን ነገሯት። እስከ መጨረሻው በዚያ ስም ጠራናቸው።

ሥራውን ያሳየችኝ ብዙ ሳታወራ ነው። የመታጠቢያውን ውሃ በክንዷ ውስጠኛ በኩል ትሞክራለች። ፎጣውን አርሳ ጨምቃ መጀመሪያ ለሕመምተኛው ትሰጠዋለች፤ እጁ ቢንቀጠቀጥም ፊቱን ራሱ ይጥረግ ብላ ነው። የቀረውን እሷ ታጥባለች። ልታገላብጠው ስትል "አሁን ወደ ግድግዳው ላዞርዎት ነው" ትላለች፣ ሰውየው ራሱን የሳተ እንኳ ቢሆን። ራሱን ለሳተ ሰው ማውራቷ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ሰው በወንበር ስናወርድ ደግሞ ጫማውን ሳታደርግለት አታስነሳኝም። አንድ ቀን "የማይራመድ ሰው ጫማ ምን ያደርግለታል?" አልኳት። "ጎረቤት ደረጃው ላይ ቆሞ ያየዋል። ባዶ እግሩን ተይዞ የሚወርድ ሰው ራሱን እንደ ሬሳ ነው የሚቆጥረው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ክሩንም እኔው ማሰር ጀመርኩ።

ሥራው ሲያልቅ ከቦርሳዋ አንድ ብርቱካን ታወጣለች። ቢላ አትጠቀምም፤ በአውራ ጣቷ ነው የምትልጠው፣ ልጣጩ ሳይበጠስ። ብዙዎቹ መብላት አይችሉም፤ ሽታው ይበቃቸዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "እጄ ሥራ ካልያዘ ዝም ማለት አልችልም። እኔ ዝም ካላልኩ ደግሞ እሱ አይናገርም" አለች።

አንድ ቃል ግን አትወድም ነበር፤ አይዞህ። መርፌ ለሚወጋ ልጅ፣ ደረጃ ለሚወጣ ሰው ይባል፣ አትከለክልም። "ሰው የሆዱን ሊናገር አፉን ሲከፍት አይዞህ ካልከው ግን መልሶ ይዘጋዋል። ልብ ብለህ እይ" ትለኛለች። እኔ በልቤ ታዲያ ምን ሊባል ነው እላለሁ። ስንወድቅ አይዞህ፣ ስንከስር አይዞህ፣ ስንታመም አይዞህ እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። እሷ የምትለው "ከዚያስ?" ነው። ሰውየው "ደከመኝ" ይላል፤ "ከዚያስ?" ትላለች፣ ልጣጩን እያዞረች። ለእኔ ወግ የምትሰማ ጎረቤት እንጂ ነርስ አትመስለኝም ነበር።

ጋሽ በየነ ጎፋ ውስጥ የታወቁ ጎሚስታ ነበሩ። ጎማ ሲያወልቁና ሲለጥፉ የኖሩበት እጃቸው ትልቅ ነው፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁረት ታጥቦ አይለቅም። ሕመማቸው የጉበት ካንሰር ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ግን ስሙ ጨጓራ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይሄንን የነገሩን በር ላይ ጠብቀው ነው።

"አደራ፣ ጨጓራ ነው ያልነው። ካወቀ በድንጋጤ ነው የሚሄድብኝ።"

"እኔ አልዋሻቸውም" አለች ሲስተር። "ካልጠየቁኝ ግን አልጀምርም። የንስሐ አባታቸው መጥተው ነበር?"

"አባ ከመጡማ ያውቅበታል! ቄስ እንዲህ ወዳለ ቤት ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ ይጠፋዋል?"

ሲስተር ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጉበት ሲደክም አእምሮን ይሸፍናል። ዛሬ ይቀልዳሉ፤ በኋላ እርስዎንም ላያውቁዎት ይችላሉ። የሚናገሩት ነገር ካለ፣ መናዘዝ ከፈለጉም፣ ጊዜው አሁን ነው።"

"ትንሽ እንጠብቅ" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። "እስቲ ትንሽ ይሻለው።"

ገባን። ሲስተር በርጩማዋን ስባ "በምን ስም ልጥራዎት?" ስትላቸው "ጎማው ያለቀ በይኝ" አሉ ጋሽ በየነ። ከዚያ ትኩር ብለው አዩዋትና "የእኔን ጠየቅሽ፣ የራስሽንስ?" አሉ።

"ሲስተር ይበሉኝ።"

"ሲስተር ስም ነው እንዴ? ስሙን የሚደብቅ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ስሙ ያስቃል።"

"ሁለተኛው ነው" አለች ሲስተር። ሁለቱም ሳቁ። ልጃቸው ሰናይትም ሳቀች። ሰናይት መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መጀመሪያ አባቷን ሾርባ ታጠጣለች። ደህና ቤት ነበር። የሚዋደዱ ሰዎች ነበሩ። ችግሩም እሱ ነው።

አንድ ቀን ሲስተር ሥልጠና ስለነበራት ብቻዬን ሄድኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጓዳ ናቸው፤ እኔ የጋሽ በየነን ጢም እየላጨሁ ነው።

"ተሰማ" አሉኝ በስሜ ጠርተው፣ "ስንቱ ሰው ጎማውን ይዞልኝ መጥቷል መሰለህ። 'ይሄ ጎማ ጅማ አያደርስህም' እለዋለሁ፣ በፊቱ። ይናደዳል፣ ይሰድበኛል፣ ግን ያውቃል። አውቆ ነው መንገዱን የሚጀምረው። እኔን ጅማ አትደርስም የሚለኝ አንድ ሰው ይጥፋ?"

ምላጩን ውሃ ውስጥ ነክሬ አጠብኩ። ሲስተር ብትሆን ምን እንደምትል አውቃለሁ። እኔ ግን ጢማቸውን ወደ መላጨቱ ተመለስኩ።

ድምፃቸውን ቀነሱ። "ጥሩዬ ሳትሰማ አንድ ሰው ትጠራልኛለህ? ከሰማች ታለቅሳለች። አባን ነው…"

"አይዞዎት ጋሽ በየነ!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። "ሲሻልዎት ራስዎ ሄደው ያገኟቸዋል።"

በያዙት ትንሽ መስታወት ውስጥ አዩኝ። "እሺ" አሉ። "ግራውን አልጨረስክም፣ ጨርስ።" ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን።

በሚቀጥለው ጉብኝት ከሲስተር ጋር ስንደርስ ጋሽ በየነ አላወቁንም። ከአልጋው ሊነሱ ይታገላሉ፤ እጃቸው አየር ላይ የሆነ ብሎን ያጠብቃል። መኪና ማንሻው ነው የታያቸው። "ክሪኩን እንዳታወርደው! ሰው ከሥር አለ! ሰው አለ ከሥር!" ሰናይት እያለቀሰች እግራቸውን ይዛለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን ጊዜ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ራሳቸው ሮጠው አባን ይዘው መጡ። አባ አጠገባቸው ተቀምጠው ደጋግመው በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው። ጋሽ በየነ የመለሱላቸው ስለ ክሪኩ ነው። አባ ጸለዩ፣ ጠበል ረጩ፤ የሚናዘዝ ሰው ግን አላገኙም። ሲስተር ግንባራቸውን እየዳበሰች "ማንም አያወርደውም ጋሽ በየነ፤ እኔ ይዤዋለሁ" አለች። ያን ሲሰሙ እጃቸው ረገበ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ቀብራቸው መካኒሳ አቦ ሆነ።

ለቅሶ ስንደርስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሲስተር አጠገብ ተቀመጡ።

"አንድ ቀን 'ጥሩዬ፣ አባ ደህና ናቸው?' ብሎኝ ነበር" አሉ። "ደህና ናቸው፣ አንተ ብቻ አይዞህ አልኩት። እንዳይደነግጥ ብዬ።"

ሰናይት ቀና አለች። "መቼ ነው?"

"አንቺ ሥራ ሄደሽ።"

"እማዬ፣ እኔንም እኮ… እናትሽ ሳትሰማ አባን ጥሪልኝ ብሎኝ ነበር። እሷ ካወቀች ትሰበራለች አለኝ። አይዞህ አባዬ፣ ትድናለህ አልኩት።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጃቸውን አዩ። እሳቸው ባላቸው እንዳያውቅ ይጠብቃሉ፤ ባልየው አውቀው ሚስታቸው እንዳታውቅ ይጠብቃሉ። እንዲህ ሲጠባበቁ ጊዜው አለፈ።

"እኔንም ጠይቀውኛል" አልኩ። "እኔም ያንኑ ነው ያልኳቸው።"

ማንም አልተቆጣኝም። እንዲያውም አንዲት ጎረቤት ከኋላ መጥተው የሦስታችንንም ትከሻ መታ መታ እያደረጉ "አይዟችሁ፣ አይዟችሁ" አሉን። ሲስተር አንገቷን ደፋች።

ከዚያ በኋላ ሰው ቤት መግባት አቃተኝ። እንቅልፍም ምግብም አልከለከለኝም፤ በር ብቻ ነው የከለከለኝ። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ አዲስ ሕመምተኛ ነበረችን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሬ ቆመ። ሲስተር ቀድማ ወጥታ ስታጣኝ ተመልሳ ወረደች። ወይ ትቆጣለች ወይ ታባብለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ደረጃው ላይ፣ አቧራውን እንኳ ሳታራግፍ፣ ከእኔ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

"ወደ ጥበቃ ልመለስ ነው" አልኳት።

"ከዚያስ?"

"በር እጠብቃለኋ። በር አያናግርም።"

"ከዚያስ?"

ተናደድኩ። "ከዚያማ ምን አለ! ጋሽ በየነ አባን አሉኝ። ሰምቻቸዋለሁ። ሳልሰማ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሰምቼ ነው የዘጋሁባቸው።"

"ለምን ዘጋህ?"

"ፈራኋ!"

"ምኑን?"

የደረጃውን ብረት ያዝኩ። "እንደሚሞቱ ከራሳቸው አፍ መስማቱን" አልኩ።

አንዲት ሴት የልብስ ባልዲ ይዛ በመሃላችን ስታልፍ "ምነው፣ ሊፍቱ ተበላሸ?" አለችን። ሲስተር ሳቀች። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ።

"እኔም ብዙ ሰው ላይ ዘግቻለሁ" አለች ሲስተር። "ብርቱካኑን የጀመርኩት ለሕመምተኛው ይመስልሃል? አፌን ልይዝበት ነው።" ከቦርሳዋ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ዛሬ አንተ ላጥ። ሌላ ምንም አታድርግ።"

ሕመምተኛዋ ማርታ የምትባል ወጣት እናት ናት፣ የሶዶ ልጅ። ፕሮቴስታንት ናት፤ የቤተ ክርስቲያኗ እህቶች በየቀኑ እየመጡ ይዘምሩላታል፣ እንድትፈወስ ይጸልዩላታል። ሲስተር መድኃኒቷን ስታስተካክል እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ መላጥ ጀመርኩ። ልጣጩ ቶሎ ቶሎ ይበጠስብኛል። ማርታ ስታየኝ ቆየችና "ጋሼ፣ ዶሮ እየነጩ ነው እንዴ?" አለች።

"ገና ለማጅ ነኝ" አልኳት።

መላጤን ቀጠልኩ። ብዙ ቆይታ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ "እህቶች ሲመጡ ድኛለሁ እላቸዋለሁ፣ ደስ እንዲላቸው" አለች።

አይዞሽ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብርቱካኑን ጨበጥ አደረግሁትና "ከዚያስ?" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ከዚያማ ሲሄዱ አለቅሳለሁ።"

"ከዚያስ?"

ወደ በሩ አየች። ትንሿ ልጇ ኮሪደሩ ላይ ገመድ ትዘላለች። "እሷን ማን እንደሚወስዳት ከእህቴ ጋር መነጋገር አለብኝ። እህቴ ሶዶ ናት። ጥሩልኝ ካልኩ ግን ተስፋ ቆረጠች፣ እምነት የላትም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።"

ሲስተር ከወዲያ ጥግ ሆና ስልኩን ለማርታ አቀበለቻት።

እህቷ መጣች። ሁለቱ በሩን ዘግተው በቋንቋቸው ሲያወሩ ዋሉ፤ ቋንቋውን አልሰማም፤ መሃል ላይ ግን ሳቅ ሰማሁ። የቤተ ክርስቲያኗ እህቶችም መዝሙራቸውን አላቋረጡም፤ ማርታም እስከቻለች አብራ ዘመረች። ስትሞት ልጅቷ የአክስቷን እጅ ይዛ ነበር። ሞቷ ከጋሽ በየነ ሞት ቀለለ አልልም፤ ሞት ነው። የምትለውን ብላ ነው የሄደችው፤ ልዩነቱ ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ገብቻለሁ፣ ብዙ ብርቱካን ልጫለሁ። ሁሉም ይናገራል ማለት አይደለም። መካኒሳ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ "ከዚያስ?" ባልኳቸው ቁጥር "ከዚያማ ሬዲዮኑን ክፈት" ይሉኛል። እከፍታለሁ። ኳስ ሰምተን እንለያያለን። እሳቸው የፈለጉት እሱን ነበር። ሌላዋ ደግሞ ስለ መሞቷ አንድም ቀን ሳታነሳ ስለ ባሏ ዘመዶች ብቻ ስታማ ከረመች፤ ያንንም ሰማሁ፤ አንዳንዱ ሐሜት ጥሩ ነበር። አለቆች ተቀያየሩ። ወረቀቱ በዛ፣ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ ቀርቶ ታብሌት መጣ። አዲሶቹ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ያውቃሉ። አንዳንዶቹ ግን እግርጌ ይቆማሉ። በርጩማ አቀብላቸው ነበር።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ሲስተር ጋ ሄድኩ። ከእኔ ቀድማ ነው የወጣችው፤ ጎፋ፣ ታናሽ እህቷ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች። እጇ አሁን ይንቀጠቀጣል። ብርቱካኑን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ የላጥኩትም እኔ ነኝ። ልጣጩ አልተበጠሰም። አየችው።

የመሥሪያ ቤቷ ልጅ የጠየቀችኝን ነገርኳት።

"ምን አልካት?"

"ኬክ አፌ ውስጥ ነበር።"

እስክታስል ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ እኔ ሌላ ነገር ጀመርኩ። "ጠዋት ጠዋት ተነስቼ ጫማዬን አጠልቃለሁ፤ የምሄድበት የለም። ቁጭ ስል ደግሞ ጋሽ በየነ ይመጡብኛል። ያ ክሪክ።"

ከብርቱካኑ አንድ ቁራጭ ገምሳ አኘከች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ያችን ቃሏን አለችኝ። እስኪመሽ አወራሁ።

ልሄድ ስነሳ ይሄን ልጽፍ እንዳሰብኩ ነገርኳትና ስሟን ልጻፈው ወይ አልኳት። ስንቱን ሰው "በምን ስም ልጥራዎት?" ስትል ኖራ፣ የእሷን መልሰው ሲጠይቋት የሰማሁት ጋሽ በየነን ብቻ ነው። እኔ እንኳ ያወቅሁት በሷ ጡረታ ቀን ነው።

"ጻፈው" አለችኝ። "ተማሪ ቤት የሳቁብኝ ሁሉ አሁን ጥርስ የላቸውም።"

እንግዲህ ልጄ፣ ኬክ ስበላ የጠየቅሽኝ ይኸውልሽ፤ ፈርቻለሁ። ከፍርሃቱ ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ያሳለፈችኝ ትርንጎ በላቸው ናት።